ድርሻው

«እትዬ፣ እግሬ ውስጥ እሳት ይሄዳል» ያለኝ ታኅሣሥ ላይ ነው። የቦና ስንዴ ከሲናናና ከአጋርፋ ወደ ሮቤ ይጎርፋል፤ አይሱዙው ከመጋዘኔ በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ያድራል። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። እሱ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አንድ ኩንታል በጀርባው አዝሎ ሳንቃውን ሲወጣ ሰው ቆሞ የሚያየው ልጅ።

እግሩን አየሁት። አላበጠም፣ አልቆሰለም። «ብርድ ነው» አልኩት። ከሳነቴ የሚወርደውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው የወገቡንም የጉልበቱንም ሕመም በብርድ ያሳብባል። ነጭ ሽንኩርት ብላ፣ በቅቤ ታሽ ብዬው ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ።

ከዚያ ሦስት ቀን አልተሸከመም። ጆንያ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ጓደኞቹን ያያል። ጫኞቹ የሚከፈላቸው በኩንታል ነው፤ ማታ ማታ ይካፈላሉ። የታመመም ቢኖር ድርሻውን ያወጡለታል፤ ልማዳቸው ነው። እኔ የቡድኑን አለቃ ለብቻው ጠርቼ፣ «ይሄ ልጅ ሥራ ሲበዛ ነው እግሩን የሚያመው፤ ድርሻ እንዳትሰጡት» አልኩት። አልሰጡትም። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ተሸከመ። ዘጠኝ ቀን ተሸከመ። በዘጠነኛው ቀን ሳንቃው ላይ ተደናቀፈ፤ የቀኝ እግሩ ፊት ወደ ላይ አልነሣ ብሎት ነበር። የሸራ ጫማውን አፍንጫ ሳየው ተበልቶ አልቋል። ለቀናት እየጎተተው ኖሯል።

ያኔ ደነገጥኩ። በድንጋጤዬም ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። ወጌሻ አመጣሁና ወገቡን አስረገጥኩት። ቤቱ ሣንቃ ላይ አስተኝቼ፣ «እንዳትንቀሳቀስ» አልኩት፤ አንድ ወር ሙሉ። ምግብ እየላክሁ ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ሆስፒታሉ ያለበት ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ ቀጥ ያለ እግሩን ቀስ ብሎ ሲያነሣው ገና እኩሌታው ሳይደርስ ጮኸ። ከታችኛው አከርካሪ የሚወጡ ሥሮች ተገናኝተው ሳያቲክ የሚባለውን ነርቭ እንደሚሠሩ፣ ከሰውነታችን ነርቮች ረጅሙና ወፍራሙ እሱ እንደሆነ፣ በመቀመጫና በጭን ጀርባ እስከ እግር እንደሚወርድ ነገረኝ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ለስላሳው ወጥቶ የነርቩን ሥር ይጫናል። ሰው «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው ይህንን ነው። የሚያቃጥለው እግሩ ነበር፤ የተጎዳው ግን ወገቡ፣ የእኔ ኩንታል ያረፈበት ቦታ። በሸመገሉ ሰዎች የነርቩ መውጫ መጥበብ፣ አልፎ አልፎም የአከርካሪ ቲቢ ወይም እጢ ይህንኑ ሕመም እንደሚያመጣ ጨመረልኝ፤ ሳይመረመሩ ወገብ ማስረገጥ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። እግር ሲደክምም ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። እኔ ግን ዘጠኝ ቀን አሸከምኩት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በመጀመሪያ ያደረገችው ከሣንቃው ማስነሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ያወጡትን ጥናት ጠቀሰችልኝ፤ ከ183 ሕመምተኞች ገሚሱን ሁለት ሳምንት አስተኙ፣ በ12ኛው ሳምንት ግን የተኙትም ያልተኙትም እኩል 87 በመቶ ተሽሏቸው ተገኘ። በሆዱ አስተኝታ በክርኑ ደረቱን ቀና እንዲያደርግ አስለመደችው። ቃጠሎው ከእግሩ ለቆ ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ቆይቶም ወደ ወገቡ ሲሰበሰብ፣ «ወገቤ ባሰብኝ» ብሎ ፈራ፤ እሷ ደስ አላት፣ ሕመሙ ወደ ምንጩ መመለሱ የመሻል ምልክት ነው አለችው። ተቀምጦ ጉልበቱን እየዘረጋና እያጠፈ ነርቩን ማላላት፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠንከር፣ በየቀኑ መራመድ። ቃጠሎው በሦስት ወር ውስጥ ለቀቀው። የእግሩ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ወንድ ሠራተኛ በእጁ ተሸክሞ እንዲያጓጉዝ የሚፈቀደው ከ55 ኪሎ አይበልጥም። የኔ ጆንያ 100 ነበር። ግማሽ ኩንታል እንዲሞላ ማድረግ እችል ነበር፤ ሰዓት እንዳይፈጅ ብዬ ተውኩት። አሁን 50 ነው የምሞላው።

ዛሬ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ይመዘግብልኛል። ሲነሣ የቀኝ እግሩ ወለሉን ጠፍ ያደርገዋል፤ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። በየበዓሉ፣ «እትዬ ባታሳክመኝ ኖሮ» እያለ ይመርቀኛል፤ ጎረቤትም ያመሰግነኛል። ስለ ድርሻው ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጋዘኑን ዘግቼ አነበብኩለት። ድርሻው ጋ ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለኝ። እሱ መዝገቡን እያየ፣

«ሰምቼ ነበር» አለኝ። «ያን ዕለት ማታ ነው የነገሩኝ።»

ለዚህ ነበር በአራተኛው ቀን የተነሣው።