የማታውቃት ኮከብ

በባንክ መስኮት ጀርባ ዘመኑን የሚገፋ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ስሕተት መልክ አለው። የቀኑ ሂሳብ አልገጥም ብሎ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ እንጠረጥራለን። የሌሊቱን ሰማይ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ የገንዘብ ቤት ልማድ ሰሜን ሸዋ ኮረብታ ድረስ ተከትሎኛል።

ምክንያቴ እናቴ ናት። ከዋክብትን ያስተዋወቀችኝ እርሷ ነበረች፤ ዛሬ ዓይኗ ቀን ደኅና ውሎ ሲመሽ ይከዳታል። ሰማዩን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አብርቼ ከማሳየት በቀር ሌላ መላ አላገኘሁም።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ምስሉ ሲበላሽ ካሜራውን ከመርገምህ በፊት አንዲቱን ኮከብ አጉልተህ ተመልከታት። አብጣና ደብዝዛ ከታየችህ ጉዳዩ የፎከስ ነው። ካሜራ በጨለማ ራሱን አነጣጥሮ ማጥራት ይሳነዋል፤ ሌንሱ ላይ የተቀረጸው የሩቅ ርቀት ምልክትም ሁልጊዜ አይታመንም። ፎከሱን ወደ እጅ መልሰህ፣ እንደ ሲርየስ ያለችውን ደማቅ ኮከብ በካሜራው ስክሪን አጉልተህ፣ የመርፌ ጫፍ እስክታክል ቀለበቱን በቀስታ አዙር፤ ከዚያ በፕላስተር እሰረው።

ከዋክብቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተስበው እንደሆነ የዞረችው ምድር ናት፤ በሰዓት 15 ዲግሪ። 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ብታካፍል የሚፈቀድልህን ሰከንድ በግርድፉ ታገኛለህ። ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ ርዝመቱን አስቀድሞ በ1.5 ማባዛት ያሻል፤ በ18 ሚሊሜትር ሌንስ 18 ሰከንድ ግድም መሆኑ ነው። ሰማዩን የሚከተል ሞተር ያለው ከዚህ ይላቀቃል፤ ሞተሩ ግን በሰሜን ኮከብ ይስተካከላል፤ እርሷም በእኛ ዘንድ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትወጣ ኮረብታ ይውጣታል። በምትኩ የደቡብ መስቀልን እናያለን፤ አልከፋም።

የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ እምብርት በጊዜ ወጥቶ ከፍ የሚለው በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው ሰማዩን ይዘጋብናል። ስለዚህ በሚያዝያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ በብርድ መቆም ግድ ነው። ብርዱ ባትሪውን ያደክመዋል (ትርፉን ጉያህ ውስጥ አሙቀው)። ከሁሉ የሚብሰው ጤዛ ነው። ሌንሱ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ከዋክብቱም ከፎቶ ወደ ፎቶ ጭጋግ እየለበሱ ይሄዳሉ። በጨርቅ ቢጠርጉት ይመለሳል፤ የሚያዋጣው ማሞቅ ነው። እኔ በምጣድ የሞቀ ስንዴ ካልሲ ውስጥ ቋጥሬ በሌንሱ ዙሪያ እጠመጥማለሁ። እናቴ በእህል መጫወቴን አልወደደችውም።

ባለፈው ሚያዝያ ፎቶውን ሳሳያት ዝም ብላ ብዙ ቆየች። የምታውቃቸውን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። ከዚያ አንዲት ቀይ ነጥብ ላይ ቆመች።

«ይቺን አላውቃትም።»

ተከታታይ ፎቶዎችን አስተያየሁ። ከዋክብቱ ቦታ ሲለቁ ቀይዋ ፍንክች አላለችም፤ የሴንሰሩ ብልሽት እንጂ የሰማይ አልነበረችም። መድኃኒቱ ሌንሱን ከድኖ፣ በዚያው ሰከንድ፣ በዚያው አይኤስኦ፣ በዚያው ቅዝቃዜ ባዶውን ጨለማ ማንሳትና ከምስሉ ላይ መቀነስ ነው። እንዲህ ያለውን የጨለማ ፎቶ በዚያው ሌሊት አንስቼ ስለነበር ቀነስኩት።

በማግሥቱ የጠራውን አቀረብኩላት። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሲንከራተት ቆየና፦

«ያቺ ቀይዋስ?» አለችኝ፤ «ለምጃት ነበር እኮ።»