ከዳሩ ጀምሪ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከዳርንሽ ገና ሦስት ወር አልሞላም፤ ቤቱ ግን ድምፅሽን አጥቶ ጭር ብሏል። ቢሾፍቱ ባገኛችሁት ግቢ ጥግ ኩሬ እንዳስቆፈርሽ፣ ወፎችና እንቁራሪቶች እንዲሰፍሩበት እንደተመኘሽ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። «ዳሩ ላይ ምን ልትከል?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚቋጭ ነገር ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ልጄ፣ የኩሬ ነፍስ ዳሩ ላይ ናት። ጣና ዳር ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ከልጅነቴ አይቻለሁ። ሐይቁ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ቆሮሶ ዓሣው የሚራባው፣ ወፉም ጎጆ የሚሠራው ዳር ባለው ደንገልና ፊላ ውስጥ ነው፤ ሰዉም ለታንኳው የሚያጭደው ያንኑ ደንገል ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ በታረሰበት በኩል ውኃው ይደፈርሳል፤ ከማሳ የሚወርደውን ደለል የሚያስቀር የለማ። ያንቺም ኩሬ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ሕጉ ያው ነው።

ከመትከልሽ በፊት ዳሩን ራሱን እዪው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ አንዱን ወገን በአካፋ አስተኝተሽ ቀስ እያለ ወደ ውኃው እንዲገባ አድርጊው። ወፍ የምትታጠበው እግሯ መሬት በሚነካበት ውኃ ነው፤ ጉርጥም ከገባች መውጫ ትፈልጋለች። ፈጣሪ ልጅ ሲሰጣችሁ ደግሞ፣ ልጁ እስኪጠነክር ድረስ ዙሪያውን እጠሪው። ሕፃን ለመስጠም ብዙ ውኃ አያስፈልገውም።

ስትተክዪ እንደ ውኃው ልክ ነው። ስንዝር በማይሞላው ውኃና በረጠበው ጭቃ ላይ ቄጠማ ይሁን። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ጥላው ሥር እንቁራሪት ትሸሸጋለች። ጠለቅ ባለው በኩል ጥቂት ደንገልና ፊላ በቂ ነው። ውኃው በማይደርስበት ደረቅ ዳር በሶብላና ዳማከሴ ትከዪ፤ ሲያብቡ ንብ ይጠራሉ፣ ለጓዳሽም ይሆናሉ። ከእነሱ ኋላ ሰንበሌጥ ይቁም፤ ከውኃ የወጣ ፍጥረት ሁሉ ድመት ሳያየው የሚገባበት ጥሻ ይሻል። ቢያንስ የውኃውን ግማሽ ግን ለሰማይ ተይለት።

ፊላን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከጓሯችን ጉድጓድ ዳር በባዶ መሬት የተከልኩት አንድ ሥር በሦስት ዓመት ውኃውን ሁሉ ዋጠው። አንቺ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሽ። ነቅዬ ለማውጣት አንድ በጋ ሙሉ ቆፈርኩ፤ እዚያ ይዘፍኑ የነበሩት እንቁራሪቶች ግን ተመልሰው አልመጡም። ስለዚህ ፊላውንም ደንገሉንም በባልዲ ወይም በአሮጌ ማሰሮ ተክለሽ ከነዕቃው ውኃው ውስጥ አስቀምጪው። አፈሩ ፍግ የሌለበት ይሁን፤ ላዩን በጠጠር ክደኚው። ማዳበሪያ ወደ ውኃው እንዳትጥዪ፤ ኩሬው በአልጌ ይሸፈናል።

እምቦጭ እንዳትተክዪ አደራ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ አንድ ሰው «ለኩሬሽ» ብሎ ቢያመጣልሽ ዓይንሽ እንዳይታለል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. እዚያው እናንተ አጠገብ፣ በቆቃና በአዋሽ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣናችን ላይ ታየ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ገበሬው ከነቤተሰቡ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይቻለሁ። ከሰው የተሰጠሽን ተክል ሁሉ ሥሩን አጥበሽ፣ አንድ በአንድ አይተሽ ትከዪ። ባሕር ዛፍም ከዚያ ይራቅ፤ ውኃ ይጠጣል፣ ቅጠሉም ውኃውን ያበላሻል።

ጎረቤት «ወባ ልታመጪብን ነው» ቢልሽ አትቆጪ፤ ስጋቱ እውነት ነው። በአገራችን ወባ የምታስተላልፈው ዋነኛዋ ትንኝ ግን ይበልጥ የምትወደው ተክል የሌለበትን፣ ፀሐይ የሚመታውን ጥቂት ያቆረ ውኃ ነው፤ የከብት ኮቴና የጡብ ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ ዓይነት። ውኃ ላይ በረጃጅም ግልጽ ክንፍ የሚመላለሱትን ነፍሳት ታውቂያቸዋለሽ? ልጆቻቸው የሚያድጉት ውኃ ውስጥ ነው፤ የትንኝ እጭ ይበላሉ። ክንፍ ለማውጣት ጊዜያቸው ሲደርስ ግን ከውኃ የሚወጡበት አገዳ ይፈልጋሉ። አገዳውን የምትሰጫቸው አንቺ ነሽ። ዓሣ ግን አታስገቢ፤ የእንቁራሪትን እንቁላልና ጅራታም ልጆቿን ይጨርሳል። ግቢውም ውስጥ ሌላ ውኃ እንዳያቁር ተጠንቀቂ።

ሰኔ ሲገባ፣ ምድሩ ሲርስ ትከዪ። ተክል ፍለጋ ጨለለቃ ሄደሽ እንዳትቆፍሪ፤ ያ ረግረግ ከሩቅ አገር ለሚመጡ ወፎች ማረፊያ ነው። ከጎረቤት አንድ እፍኝ ቄጠማ ይበቃሻል፤ ሥሩ እየተከፈለ ይበዛል። መጀመሪያው ዓመት ዳሩ ባዶ ይመስልሻል፤ አትቸኩዪ። ስታጭጂም ዘንድሮ ግማሹን፣ ለከርሞ ግማሹን። ያወጣሽውን አረም ሌሊቱን ዳር ላይ አሳድሪው፤ ውስጡ ያለው ነፍስ ተመልሶ ውኃው ይግባ።

ትዳርሽንም እንዲሁ ያዢው፣ ልጄ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አትትከዪበት፤ የሚስፋፋውን በዕቃው ያዢ፤ ለሰማይም ቦታ ተይለት።

በቀዳም ስዑር ቄሶቹ ቄጠማ ሲያድሉን ራሳችን ላይ እናስራለን፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረ ለምለም ነውና። በሚመጣው ፋሲካ እኔና እናትሽ እንመጣለን። ከራስሽ ኩሬ ዳር ያጨድሽውን ቄጠማ ጎዝጉዘሽ፣ ቡና አፍልተሽ ጠብቂን።

አባትሽ