ለሰው የተመዘነ ክኒን

ሰሞኑን በሠፈራችን የቤተሰብ ክበብ ቡና ተፈልቶ ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት፣ አንዲት የጓዳችን ባለቤት ድመቷ ከመሬት የወደቀ የራስ ምታት ክኒን መዋጧን፣ እሷም ወተት አጠጥታ መተዋን አጫወተችን። ድመቷ በማግሥቱ ደኅና መነሣቷን ስትነግረን ሁሉም ሳቀ። እኛ ግን አብረን መሳቅ አልቻልንም። ክኒኑ ምን ዓይነት እንደ ነበር ብንጠይቃት አላወቀችውም። ድመቷን ያዳናት ዕድል እንጂ ወተቱ እንዳልሆነ ማስረዳት ስንጀምር ቡናው አለቀ። የቀረውን በዚህ ዓምድ እንጽፈዋለን ብለን ተለያየን። ቃላችንን እነሆ።

ነገሩ የደረሰው በ2016 ዓ.ም. የዝናብ ወራት፣ በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ ሳለን በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ነው። ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። አገሪቱ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን ወደዚያ ዘልቀው ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተዋል። በስሙ የሚጠራ የባህል ማዕከል ባለበት በንያኩሮን ሠፈርም ፈቃድ ባገኘንበት ቅዳሜ ሁሉ የአገራችንን ቡና የምንጠጣባት አንዲት ቤት ነበረች። እመቤቲቱን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። እሳቸውም ማዕረጋችንን ሳይለዩ ሁላችንንም «ልጄ» ይሉናል። የጤፍ ዱቄታቸውን ከአይጥ የምትጠብቅላቸው ዝንጉርጉር ድመት ነበረቻቸው፤ ስሟን «ነብሪት» ብለው አውጥተውላታል። በሰው አገር ብቻዋን ለምትኖር ሴት እንዲህ ያለች ድመት የጓዳ ዘበኛም የማታ ጓደኛም ናት።

አንድ ቅዳሜ ነብሪት የኋላ እግሯን እያነከሰች መጣች። እትዬ ማጀት ነበሩ። እኛም አዘንን። በደረት ኪሳችን የራስ ምታት ሲጠናብን የምንውጠው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነበረ። ለእኛ ሁለቱ ካልጎዳን ለእሷ ግማሹ ምን ያደርጋታል ብለን ገመስነው፤ በጥብስ ቁራጭ ሸሽገን ሰጠናት። ጊዜው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። ያደረገው ሌላ ሰው አይደለም፤ ሰኞ ሰኞ በሠራዊቱ ፊት ቆመን ስለ ኃላፊነት የምናስተምር እኛው ነን።

ወደ ካምፕ ተመለስን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እትዬ ስልክ ደወሉ። «ነብሪት አስመለሳት፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፤ ፊቷም አብጧል። ምን በልታ ይሆን? ያያችሁት ነገር አለ?» አሉን። የዚያን ጊዜ አንድ ቃል ብንናገር ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ በሆነ ነበር። ኀፍረት ያዘን። «ምናልባት የተበላሸ ሥጋ ይሆናል፤ ወተትና ጥቂት ዘይት አጠጧት» አልን። አውቀን የሠራነውን ሸሸግን፤ የማናውቀውን ደግሞ እንደሚያውቅ ሰው አዘዝን። ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይናችን አልዞረም።

እሑድ ጠዋት ለክፍላችን የሕክምና ባለሙያ ነገሩን ገለጥንለት። ሃምሳ አለቃው ወደ ሠራዊቱ ከመግባቱ በፊት በእንስሳት ጤና ረዳትነት የሠራ ሰው ነበር። «ፓራሲታሞል? ለድመት?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ወዲያው በከተማው ለሚያውቀው የእንስሳት ሐኪም ደወለ። ከዚያም ተያይዘን ወደ ንያኩሮን ገሠገሥን። ነብሪት በእትዬ ነጠላ ተጠቅልላ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ሃምሳ አለቃው ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አሳየን። ቀይ መሆን የሚገባው ድድ የቡና አተላ መስሎ ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ሳንደርስ በመንገድ ላይ ሞተች።

ያን ጊዜ ለእትዬ እውነቱን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ አዝነህ ነው የሰጠሃት፤ እሱን አልቀየምህም። እኔ የተቀየምኩህ ማታ ስጠይቅህ ስላልነገርከኝ ነው» አሉን። በአካዳሚም በግዳጅም ብዙ ተግሣጽ ሰምተናል፤ እንደዚህ የዘለቀን ግን የለም።

ለመሆኑ ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለእሷ ስለ ምን መርዝ ሆነ? ሃምሳ አለቃው በኋላ እንዳስረዳን፣ የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከአንድ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ጋር እያጣመረ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኢንዛይም እጅግ ያንሰዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎችን ያጠቃል። ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል፤ መልኩም ቡናማ ይሆናል። ፊትና መዳፍ ያብጣል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል። ስሌቱንም እንመልከት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወታደር አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን በኪሎ 8 ሚሊግራም ያህል ነው። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ግን የዚያው ክኒን ግማሽ በኪሎ ከ80 ሚሊግራም በላይ ይሆናል። በድመት ላይ በኪሎ 10 ሚሊግራም እንኳ መመረዝን ማስከተሉ ታውቋል። በመሆኑም «ጥቂት ብቻ» የሚባል ነገር የለም። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም የድመትን ሆድና ኩላሊት ይጎዳሉ። በወባ አገር የምንውጠው ዶክሲሳይክሊን እንኳ ያለ ውኃ ከተዋጠ በድመቷ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ያቆስላል።

እንግዲህ ድመት የሰው መድኃኒት መዋጧ ሲታወቅ፣ ወይም ሲጠረጠር፣ መጀመሪያ የቀረውን ክኒን ከአካባቢዋ ማንሣት ነው። ቀጥሎም ማሸጊያውን ይዞ የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም ማንበብ፣ የጎደለውን መቁጠር፣ ሰዓቱን መመዝገብ ይገባል። ከዚያም ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሎ ይህንኑ መንገር ነው። የእንስሳት ሐኪም ያልታወቀ እንደሆነ በወረዳው ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መጠየቅ ይበጃል። በጨው፣ በዘይት ወይም በጣት ለማስመለስ መሞከር ጉዳት ይጨምራል። ወተትም መርዝ አያረክስም፤ የምድጃ ከሰልም ሐኪም የሚሰጠውን የተዘጋጀ ከሰል አይተካም። ማስመለስ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚወስነውም የሚፈጽመውም ሐኪሙ ነው። ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ። ይህ ማርከሻ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰውም በሆስፒታል የሚሰጥ ነው። የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው። እኛ በኀፍረት ያባከንነው ሌሊት የእሱ ጊዜ ነበር።

ድመቷን ስታጓጉዙ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ወይም ቅርጫት አድርጓት፤ የታመመች ድመት ባለቤቷን እንኳ ትነክሳለችና። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከሦስት ወር በኋላ ለእትዬ ጎረቤት አንዲት ግልገል ድመት ሰጠቻቸው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልካችን ጮኸ። «አይቡፕሮፌን የሚባለውን ዋጠች። ባለ 200 ነው፤ አንድ ጎድሏል፤ ማሸጊያው በእጄ ነው። ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ለሐኪሙ ደውዬ እየሄድኩ ነው» አሉን። የሐኪሙን ስልክ ቁጥር በማጀታቸው ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፈውት ኖሯል። ሐኪሙ አስመለሳት፤ ሁለት ቀን ግሉኮስ ሰቅሎላት አቆያትና ዳነች። እትዬ እኛን ምክር አልጠየቁንም፤ እንድናውቀው ብቻ ነው የደወሉት። እኛም በሰማነው ነገር ደስ አለን፤ ጥቂትም አፈርን።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ድመት ብቻ አስበን አይደለም። እኛ ወታደሮች ለጥይት ቆጠራ አለን፤ አንዲት ፍሬ ብትጎድል ሠፈሩ ሁሉ ይጠየቃል። ከግዳጅ ስንመለስ ግን የተረፈ ክኒን በኪሳችን፣ በሻንጣችን፣ በትራሳችን ሥር ተበትኖ ይገኛል። ባለቤቶቻችንም በሌለንበት ጊዜ ስሙ ያልተጻፈበትን መድኃኒት በፌስታል ቋጥረው ያኖሩታል። ድመት የምታገኘውን ክኒን ሕፃን ልጅም ያገኘዋል፤ ሕፃኑ ደግሞ ከረሜላ ይመስለዋል። ስለዚህ መድኃኒት በማሸጊያው ውስጥ ሆኖ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉም ከልጅ እጅ ይራቅ።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ «ለድመቷ ክኒን ሰጠኋት»፣ ወይም «እኔ ራሴ ዋጥኩ» ብሎ ሲመጣ በትሩ አይቅደም። ዛሬ የተገረፈ ልጅ ነገ ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውም ነገር ሰዓት ይበላል። በመጀመሪያ «ስንት ነው? መቼ ነው?» ብላችሁ በለሰለሰ ቃል ጠይቁት። እኛ፣ የጦር አካዳሚ ያስተማረን መኮንን፣ በፍርሃት የዋሸነውን ልጅ በድፍረት ይነግረናል ብለን መጠበቅ የምንችለው ቤታችን እውነት የማይቀጣበት ሲሆን ነው።