ይድረስ በኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሰመራ ለሚወርድ ልጅ

ከአዲስ አበባ ሰመራ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ 430 ሜትር አካባቢ ላይ ያርፋል። በነዳጅ መኪና የሚወርድ ሰው ይህን ልዩነት የሚያውቀው ጆሮው ሲደፈንና ሹራቡን ሲያወልቅ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ለሚወርድ ግን ዋናው ሒሳብ ከፍታው ነው፤ ሲወርድ በነፃ ያገኘውን ሁሉ ሲመለስ ይጠየቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ወጣት ከኤሌክትሪክ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። ከተማ ውስጥ ነድቶ የለመደው ልማድ ግን ከአዳማ በታች ብዙም አያገለግለውም።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመኪናዋ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በአንድ ሙሌት 500 ኪሎ ሜትር ይላል። የቻይና ሥሪት ከሆነች ቁጥሩ የተለካው በቻይና የፍተሻ ደንብ ነው፤ በዚያ ፍተሻ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቦሌ ላይ መብራት እየጠበቁ ለሚሄዱበት መንገድ ይስማማል፣ ለአፋር አይስማማም። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላትና ከነሰው ከነዕቃው ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ለምሳሌ ትወሰድ። ሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ፣ ኤሲ እንደተከፈተ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። በዚህ ሒሳብ 350 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ያውም ባትሪው ሙጥጥ እስኪል ድረስ። በረሃ ላይ እስከዚያ መድረስ የማይታሰብ ስለሆነ 15 በመቶው፣ ማለትም 9 ኪሎዋት ሰዓት፣ እንደሌለ ይቆጠራል። የሚቀረው 51 ነው፤ 51 ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሚሌ ያለው ርቀትም ያው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉዞው ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቶን ነገር 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። ይህን ዋጋ የትኛውም ፋብሪካ ሊቀንሰው አይችልም። ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት 225 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚወረደው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ቢሆን 38 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልግ ነበር። ቁልቁለቱ ስድስት ያህሉን ስለሚሸፍን 32 ይበቃል። በመመለሻው ያው ዳገት ከነብክነቱ ስምንት ያህል ይጨምርና 46 ይሆናል። መንገዱም መኪናውም ያው ሆኖ ልዩነቱ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሜዳ ላይ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ማለት ነው።

አዋሽ ሰባት ላይ የቆመች መኪና ዳሽቦርድ ይህን አይናገርም። መቶ በመቶ ተሞልታ ከአዲስ አበባ የወጣችው መኪና 28 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 47 በመቶ ቀርቷታል። አጠገቡ ደግሞ 197 ኪሎ ሜትር ይቀራል የሚል ቁጥር ይበራል። ብዙዎቹ መኪኖች የሚገምቱት እስከዚያ ድረስ በበሉት ልክ ነው፤ የመጡት ቁልቁል እየተንደረደሩ እንደሆነ አይቆጥሩትም፣ መጠባበቂያም አይተዉም። አንዳንዶቹማ ጭራሽ የፋብሪካውን ቁጥር እያካፈሉ ያሳያሉ። መጠባበቂያው ተቀንሶ በ17 ሲሰላ የሚቀረው 110 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ገዋኔ እንኳ አያደርስም። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ላይ ኪሎ ሜትሩን ትቶ መቶኛውን ማንበብ ነው የሚሻለው። አዋሽ አካባቢ የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር መኖሩ በዚያው ሳምንት በስልክ ካልተረጋገጠ በቀር አዋሽ ላይ ማደር ግድ ነው።

ማደር ሲባል ደግሞ ሶኬት ይዞ ማደር ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ከግድግዳው ይወስዳል፤ ባትሪው ጋ የሚደርሰው ሁለት ያህል ነው። የጎደለው 32 በ16 ሰዓት ይሞላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሰካ ሰው በማግሥቱ ማለዳ 12 ሰዓት ሞልቶ ይነሳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የደረሰ ግን እስከ ንጋት የሚያገኘው 22 ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ወጥታ፣ ሙቀቱ ጠንክሮ እንኳ ገና ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ማለዳ መውጣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው እንጂ 225 ኪሎ ሜትርስ ከሰዓት በኋላም ይደረስ ነበር።

አልጋ ከመያዙ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ግራውንድ አለው ወይ የሚል ነው። ቻርጀሩ ገና ሲሰካ የመሬት ሽቦ መኖሩን ይፈትሻል፤ ካጣ ቀይ መብራት እያበራ እምቢ ይላል። ሶኬቱ ግራና ቀኝ የብረት ምላስ ስላለው ብቻ ማመን አይቻልም፤ ከጀርባው የገባው ሁለት ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የመሬት ሽቦውን መስመር ከሁለቱ ሽቦዎች ከአንዱ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን የሚያታልል ሠራተኛ አይጠፋም። እንዲህ የተሞላች መኪና ቆርቆሮዋ ሰው ሊይዝ ስለሚችል ሌላ ክፍል፣ ካልሆነም ሌላ ሆቴል ይፈለጋል። ዲቫይደር ጨርሶ አይነካም። ማራዘሚያው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው መሆን አለበት፤ እንደተጠቀለለ ከተተወ ስለሚግል እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ይሰካል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ መሰኪያውን በእጅ መዳሰስ ነው። መዳፍ የማያስችል ከሆነ ቻርጀሩን ወደ 8 ወይም ወደ 6 አምፔር መቀነስ፣ ሰዓቱንም እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ማታ ሁሉም ኤሲ ሲከፍት ቮልቴጅ ይወርዳል፣ መብራትም ይጠፋል። ሲመለስ አንዳንዱ ቻርጀር በራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ነቅሎ የሚሰካው ሰው እስኪመጣ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሌሊት አንዴ ተነስቶ ማየት ይጠቅማል። የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ከባለቤቱ ጋር ከመሰካቱ በፊት ይነጋገሩበታል። ለብቻው ቆጣሪ ካለ ንባቡን ከፊትና ከኋላ በስልክ ፎቶ ማንሳት ክርክር ያስቀራል።

የፈጣን ቻርጀር መሰኪያም ሁሉም አንድ አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች፣ ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚታየውን ፎልክስዋገን አይዲ 6 ጨምሮ፣ የቻይናውን ጂቢቲ ይዘው ነው የሚመጡት። ከአውሮፓ የሚመጡት ሲሲኤስ 2 አላቸው። አንዱ ሌላው ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ቻርጀር አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ዓይነት የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

ከአዋሽ በታች ባትሪ የሚበላው ፍጥነትና ንፋስ ነው። አየር መኪናን የሚገታበት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ በ110 የሚነዳ ሰው በ80 ከሚነዳው ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት በቀረው ግፊት ውስጥ ያልፋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ከመጣ ደግሞ በ80 የሚነዳው ሰው ከአየሩ ጋር የሚታገለው በ100 እንደሚነዳ ነው። ሙቀቱን ሁሉም ይፈራዋል፤ የኤሲው ወጪ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። በሰዓት አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ እስከ ሚሌ ባለው የአራት ሰዓት መንገድ ስድስት ያህል ነው፤ እሱም 17 ባልነው ውስጥ ገብቷል። ኤሲ ዘግቶ በ45 ዲግሪ እያላቡ በ100 ከመንዳት ከፍቶ በ75 መሄድ ይበልጣል። መኪናዋ ገና ሶኬት ላይ ሳለች ኤሲውን ከፍቶ ማቀዝቀዝ ደግሞ የባትሪውን ሳይሆን የሆቴሉን ኃይል ይጠቀማል። ጊዜ የሚመርጥ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቢወርድ መልካም ነው።

ገዋኔ የመወሰኛ ቦታ ነው። ከአዋሽ ሞልታ የወጣችው መኪና እዚያ ስትደርስ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊኖራት ይገባል፤ ወደ ሚሌ 25 ይበቃታል። ከ55 በመቶ በታች ካየ አሽከርካሪው ወይ ሶኬት ይፈልጋል ወይ እስከ ሚሌ በ60 ይሄዳል። ይህ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ዳሽቦርዱ ላይ የሚለጠፈው ከቤት ሳይወጣ ነው፤ ፀሐይ የመታው፣ የራበውና የቸኮለ ሰው እዚያው ቆሞ ሲያሰላ 50 በመቶም በቂ ይመስለዋል። ከገዋኔ በኋላ ያንጉዲ ራሳ ፓርክን ሲያቋርጡ መንገዱ ባዶ ነው። ከሚሌ ወደ ሰመራ ለሚቀረው 60 ኪሎ ሜትር ሌላ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ሚሌ ላይ አምስት ሰዓት ሶኬት ማለት ነው። ቀትሩ እዚያው በጥላ ያልፋል።

በዚህ መንገድ ላይ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ በላይ የሚጠቅመው ሰው መጠየቅ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ የውኃውን፣ የግጦሹንና የጸጥታውን ነገር ይነጋገራሉ። ከጅቡቲ የሚመለሱ የተሳቢ ሾፌሮችም ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የትኛው ደረቅ ወንዝ ጎርፍ እንዳወረደ፣ የት መብራት እንደጠፋ ያውቃሉ። መንገዱ ራሱ ይለዋወጣል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ለዓመታት እየሰፋ አስፋልቱን ሲጠጋ ኖሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ ደግሞ መንገዱ ተሰንጥቆ ነበር።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ነገር። ሰመራ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ባትሪ ያስረጃል፤ ለመነሳት ጥቂት ሰዓት ሲቀር መሙላት ነው። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ በሙቀት ቶሎ ትሞታለች፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም በሩ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ዕድሜዋ ከመውረድ በፊት ይለካል። ብዙዎቹ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ ጎሚስታ ደግሞ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። መኪናዋ ብትቆም በገመድ አትጎተትም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ከዞሩ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ራሱን ሊያበላሽ ስለሚችል በሎቤድ ወይም በአይሱዙ ላይ ተጭና ነው የምትወሰደው። ባትሪው ሆዷ ሥር ስለሆነ ከአስፋልት መውጣት አይበጅም። ግመል ማታ አይታይም፤ ስለዚህ ጉዞው በቀን ይሁን።

ከሰመራ አልፎ ዳሎልንና ኤርታሌን ማየት የሚፈልግ ሰው መኪናውን እዚያው አቁሞ ከአካባቢው ሰው ላንድክሩዘር ይከራይ። ዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተለካው መሠረት የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ የነበረ ቦታ ነው፤ ጨውና አሸዋ እንጂ ሶኬት የለውም። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በኮምቦልቻ አድርጎ ሚሌ የሚገባ ሌላ መንገድም አለ። በዚያ የሚወርድ ሰው ልክ ከቁልቁለቱ በፊት ባትሪውን እስከ አፉ አይሙላ፤ ከጣርማበር ሸዋሮቢት ድረስ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበል ቦታ ከሌለ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

በመመለሻው ሚሌ ላይ ቢሞላም አዋሽ በአንድ ትንፋሽ አይደረስም። 500 ሜትር ያህሉ ዳገት ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚጨምር 51 የነበረው 54 ይሆናል፣ መጠባበቂያውም ይነካል። ገዋኔ ላይ ሦስት ሰዓት ሶኬት ይያዛል፤ ሻይ ተጠጥቶ፣ ጎማ ታይቶ ያልፋል። አዋሽ ላይ እንደገና ሙሉ አዳር። ከዚያ ሞልቶ በማለዳ የተነሳ ሰው መተሐራንና አዳማን አልፎ፣ በፈጣኑ መንገድ ላይ 120 የሚነዱትን በቀኝ በኩል ሆኖ እያሳለፈ፣ ቤቱ በር ሲደርስ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይቀረዋል።