ስለ አንዲት ትንሽ የብር ሐውልት

ለአንድ የአማኑኤል የቅኔ መምህር፥ አክሱም ጽዮንን ተሳልሞ የተመለሰ ደቀ መዝሙራቸው ከጣት የማትበልጥ የብር ሐውልት አመጣላቸው። መምህሩ ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፦ «መስኮቶቹስ አሉ፤ በሩ የታለ?» ብለው ጠየቁት። ተማሪውም የሚመልሰው አጣ።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በአክሱሙ ሐውልት እግር የማይከፈት በር፥ ከበሩም በላይ ደርብ በደርብ መስኮቶች፥ በየደርቡም መካከል የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የወራጅ ጫፎች ተቀርጸውበታል። ጠራቢው ይህን ያወጣው በዘመኑ በእንጨትና በድንጋይ ከታነጹት አዳራሾች አይቶ ነው። የነገሥታቱ አዳራሾች ከመሠረታቸው በቀር ፈርሰዋል፤ መልካቸው የቀረው በመቃብራቸው ምልክት ላይ ነው። በላሊበላም ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉ ጠቢባን፥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ያንኑ የግድግዳ ሥራ በአንድ ወጥ ዓለት ላይ አሳዩት። በስሙ የተጠራች ከተማ ሰው ይህን ቢያውቅ ነውር የለበትም።

ነገር ግን ሐውልቱ ራሱም ከአገሩ የጠፋበት ዘመን ነበረ። ርዝመቱ 24 ሜትር የሚሆነውን ይህን ሐውልት ፋሺስቶች ወድቆ ከተሰበረበት አንሥተው በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ወሰዱት። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች፤ ሐውልቱ ግን በአውሮፕላን ተጭኖ አክሱም የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። 18 ወር 58 ዓመት የሚሆንበትን ቁጥር በባሕረ ሐሳብ የሚያገኘው የለም። ዳግመኛ ቆሞ የተመረቀውም በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነበረ።

መምህሩ ገና የቅኔ ተማሪ ሳሉ ሐውልቱ በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር። መምህራቸው በደጅ አፈር ላይ በበትር እየሣሉ ያሳዩአቸው ነበር፤ ከበሩም ይጀምሩ ነበር። እኒያ አረጋዊ መመለሱን ሳያዩ ዐረፉ።

«አንጥረኛ ሰሙን ሠርቶ፥ በጭቃ ሸፍኖ፥ በእሳት አቅልጦ ያፈስሰውና በስፍራው ብሩን ይሞላል» አሉ መምህሩ። «ሰሙ ላይ ያልነበረ ነገር ብሩ ላይ ከየት ይመጣል? ይህ ሰው በሩን ከሰሙ ረስቶታል።»

ከዚህ በኋላ ሐውልቲቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፥ የእጅ ዋጋ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ጨምረው ለተማሪው መልሰው ሰጡት፤ ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም ሲወርድ አንጥረኛው በሩን እንዲቀርጽባት።