የእኛ ቅጂ

ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ የተወልኝ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው። "ከኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 የተቀዳ። የራሳችን ለውጦች አሉበት። አዲሱን እትም በላዩ ላይ እንዳትጭን።" ሰውየው ሄደ፣ ለውጦቹ ቀሩ።

ኦፕንኤስኤስኤል በእናንተና በባንካችሁ ሰርቨር መካከል የሚሄደውን መልእክት ከሚመሰጥሩት ላይብረሪዎች አንዱ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ የራሱን ቅጂ ሊይዝ ይችላል። በ2014 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ከተገለጠ በኋላ የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ሊብሬኤስኤስኤልን፣ ጉግል ደግሞ ቦሪንግኤስኤስኤልን ይዘው ለየብቻ ወጡ። እነሱ ግን ቡድን አላቸው። እኛ ጋ ቡድኑ እኔ ነኝ።

የተለየነውም የሚያኮራ ምክንያት ኖሮን አይደለም። ቁልፎቻችንን የሚይዘው አሮጌ መሣሪያ ከአዲሱ እትም ጋር አልግባባ ስላለ "ለጊዜው" ተብሎ ነው። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። የ1.0.2 ነጻ ድጋፍ በ2019 መጨረሻ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ማስተካከያ የሚያገኘው የከፈለ ነው። አለቃዬን እንክፈል አልኩት። "አንተ አለህ አይደል?" አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ፣ ሞኙ።

ማርች 2022 አንድ ስህተት ይፋ ሆነ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ሰርተፍኬት ሲደርሰው የካሬ ሥር የሚያሰላው ኮድ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። ሰርቨሩ እሱኑ ሲያሽከረክር ሌላውን ሥራ ይተዋል። 1.0.2ም አለበት። ለአዲሶቹ እትሞች የወጣውን ማስተካከያ አጠገቤ ከፍቼ፣ በእኛ አሮጌ ኮድ ላይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእጄ አስገባሁት። የተበላሸ ሰርተፍኬት ሰርቼ ሰጠሁት፤ ወዲያው አልቀበልም አለ። "ተዘግቷል" ብዬ ፈረምኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ የክፍያ ሰርቨሮቹ የሚገነቡት ከሌላ ፎልደር እንደሆነ አየሁ። ሰውየው ለካ ሁለት ቅጂ ነበር የሚይዘው። ያንኑ ሰርተፍኬት ለዚያኛው ሰጠሁት። የላፕቶፔ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። መልስ የለም። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።

ትዝ ያለኝ የዴቢያን ታሪክ ነው። በ2006 የዴቢያንን ቅጂ የሚጠብቀው ሰው፣ ማስጠንቀቂያ እያመጡ ያስቸገሩትን ሁለት መስመሮች ዘጋቸው። አስቀድሞም በኢሜይል ጠይቆ ነበር። እስከ ሜይ 2008 ድረስ እዚያ የሚፈጠር ቁልፍ የዘፈቀደ ቁጥሩን የሚያገኘው ከፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ 32,768 ገደማ አማራጭ። መገመት ለሚፈልግ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ባለሙያዎች ሲስቁበት ሰምቻለሁ፣ ድሮ እኔም ስቄያለሁ። ግን የሱ ኮድ ለዓለም ክፍት ነበርና ስህተቱን ሌላ የዴቢያን ሰው አገኘለት። የእኔን ማን ያገኝልኛል?

ለአለቃዬ ነገርኩት። "የገባ ሰው አለ?" አለኝ። ይሄ ስህተት ሰርቨር ያስቆማል እንጂ ሰው አያስገባም አልኩት። "ታዲያ ምን ሆነ?" ሥራዬን የሚያይ ሁለተኛ ሰው ጠየቅኩ፤ በጀት እስኪጸድቅ ጠብቅ ተባልኩ።

ሁለቱን ፎልደሮች አንድ አደረግኳቸው። በዚያ የጽሑፍ ፋይል ላይ፣ ከሰውየው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥር፣ እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተደረገ እየጻፍኩ ነው። አሥራ አራቱ ገብተውኛል። አንዱ እስካሁን አልገባኝም፤ አልነካሁትምም።