ወደ ወንጪ ስንወጣ የተነሣ የአስተማሪ ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅማ መንገድ ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፈው 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ወሊሶ ከተማ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይያዙ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ከቦርሳዎ አይጥፋ፤ የወንጪ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከየጎጆው ጓሮ የእንሰት ተክል ይታያል፤ ከእንሰቱ በላይ ገብስ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ በድንገት ከእግርዎ ሥር ይጎድልና ጥንት እሳተ ገሞራ በነበረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ያያሉ። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ማርም ስም ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ እንግዳው በዝቷል። ስለ ውበቷ ሌሎች ብዙ ጽፈዋልና እኔ እዚህ ላይ ልተወው። ወደዚያ የሳበኝ ከዚያ በፊት በዚሁ አካባቢ የተደረገ አንድ ነገር ነው፤ ነገሩም የእርስዎንና የእኔን ልጆች የሚነካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሁለት መንደሮችን መረጠ። አንደኛው ወንጪ ሲሆን ሁለተኛው በቆላው በወለንጪቲ አካባቢ ነው። በየመንደሩ ሃያ ያህል የሞቶሮላ ታብሌቶች እንደ ታሸጉ ለሕፃናት ተሰጡ። በመንደሮቹ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ልጆቹም ፊደል አያውቁም። መሣሪያዎቹን በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ለአዋቂዎች ከማሳየት በስተቀር አስተማሪም መመሪያም አልተሰጠም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ይህን ያነበብሁ ዕለት እንደ እናት ደስ አለኝ፤ የልጆቻችን አእምሮ ከማንም አያንስም። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ውስጤን ይቆረቁረው ጀመር። ያ መዝሙር የዘመረ ሕፃን «ይህ ፊደል ምንድን ነው? ይህስ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ማንን ይጠይቃል?

ጥያቄውን ይዤ ከወሊሶ ሚኒባስ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጡት ሴት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነው ተገኙ። ዕድል ይሉታል ይህንን! ነገሩን ባነሣላቸው ሳቁና «እኛማ መሣሪያው ከነአስተማሪው አየነው፤ አስተማሪው ግን እንደሌለ ተቆጠረ» አሉኝ። የሚናገሩት ስለ ፕላዝማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር እሳቸው አዲስ ተቀጣሪ ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ አብዛኛው በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነው። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳውን ያህል የሚይዘው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ለአስተማሪው የሚቀረው መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ነበር።

«እህቴ፤ ልጁ እጁን አውጥቶ ሲጠይቀኝ ቴሌቪዥኑን ማስቆም አልችልም» አሉኝ። «ጥያቄውን ስመልስለት የሚቀጥለው ያልፋል። የሚቀጥለውን ስሰማ ጥያቄው ይቀራል። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት አለፈ፤ ተመልሶ አይመጣም።»

እርግጥ ነው፣ ፕላዝማው በጎ ጎን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የኬሚካል ለውጥ በዓይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን አስተማሪዋም አልካዱም። የሚቆጩት መሣሪያው ሲገባ «እናንተስ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ባለመኖሩ ነው።

አስተማሪው ምን ማወቅ እንደሚገባው የሚናገር መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥቶ በ2011 እና በ2018 ያሻሻለው ማዕቀፍ አለ፤ የመጨረሻው እትም 18 ችሎታዎችን በስድስት መስክና በሦስት ደረጃ ይዘረዝራል። አነጋገሩ የቢሮ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ደረጃ አስተማሪዋ መሣሪያውን ይዛ የተለመደውን ትምህርት ታግዝበታለች፤ ለምሳሌ ስለ ልብ ስታስተምር ልብ ሲመታ የሚያሳይ ፊልም ትከፍታለች። በሁለተኛው ደረጃ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሠሩበታል፤ የሰፈራቸውን የዝናብ መጠን ለክተው በሠንጠረዥ ያወጣሉ፣ ለምን እንደ ተለያየ ይከራከራሉ። በሦስተኛው ደረጃ አስተማሪዋና ተማሪዎቿ ሌላው የሚማርበትን አዲስ ነገር ያዘጋጃሉ። ልብ ይበሉ፤ ከስድስቱ መስኮች መሣሪያውን መነካካት አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና፣ ስለ ክፍል አያያዝ፣ ስለ ትምህርት ፖሊሲና ስለ አስተማሪው የራሱ ትምህርት ናቸው።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በቻይና መንግሥት ገንዘብ በአፍሪካ አስተማሪዎችን በቴክኖሎጂ ለማሠልጠን ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አገሮች አንዷ ነበረች። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ አንዱ ያለ አስተማሪ ሞከረ፤ ሌላው አስተማሪውን አስቀደመ። እኔን ቢጠይቁኝ መልሴ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ከዚህ በኋላ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል አለ፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ባለፈው ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «አስተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው» ብዬ ተናግሬ ነበር። ሰውም አጨበጨበልኝ። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ስልካቸውን አውጥተው በራሳቸው ገንዘብ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝተው ያወረዱትን የኤሌክትሪክ ዑደት ፊልም ሲያሳዩኝ ያ ጭብጨባ አሳፈረኝ። ስልኩ አንድ፣ ተማሪው ስድሳ ነው። አሥር አሥር አድርገው በየተራ ያሳዩና የሚጠብቁትን ደግሞ በባትሪና በሽቦ ያሠሯቸዋል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። «ሥልጠና ያገኘሁት ሦስት ቀን ነው፤ እሱም የቃላት አጻጻፍ ነበር» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። የእርስዎም ልጅ አንድ ቀን እዚያ መቀመጡ አይቀርም፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ጓጉንቸሩን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ «ስንት ኮምፒዩተር አለ?» ከማለትዎ በፊት «ስንት አስተማሪ ሠለጠነ? ስንት ቀን? በምን ትምህርት?» ብለው ይጠይቁ። አስተማሪዋ በራሷ ስልክ የምታስተምር ከሆነም የጥቅሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

ከወንጪ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተማሪዎቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነበር፤ ብልሽት በስማቸው እንዳይጻፍባቸው ስለሚፈሩ ማንም ፈርሞ አይወስደውም ነበር። የወላጆች ኮሚቴው ብልሽት ቢደርስ ኃላፊነቱን እንደሚጋራ በደብዳቤ ካስታወቀ ወዲህ ሁለት አስተማሪዎች ቅዳሜ ጧት እየገቡ እርስ በርስ ይለማመዳሉ። አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚሠሩት ሰባት ናቸው። ሻይና ዳቦው ከእኛ ነው፤ የዚህ ሳምንት ተረኛዋ እኔ ነኝ።